የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለየትኛው የሽንት ሕመም ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጥቁር እንጨት ቅርፊት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በደናችን የሚበቅል ዛፍ በውጭ አገር መድኃኒት ተብሎ እንደሚሸጥ ለአንባቢ ማሳወቃችሁ ያስመሰግናችኋል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ያሳሰበኝ ግን ቅርፊቱ «ለማንኛውም የሽንት ችግር» ይሆናል ብላችሁ፣ አጠቃቀሙንም «አፍልቶ መጠጣት ነው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋችሁ ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ስለ ቅርፊቱ የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል፤ የሚጠይቁበት ሕመም ግን የየራሱ ነው። አንዱ አዛውንት ነው፣ ሌላዋ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሌላው ደም የሚሸና ወጣት ነው። ለሦስቱም አንድ ዛፍ መጠቆም አደጋ አለው።

ጥቁር እንጨት ከመናገሻ ሱባና ከወፍ ዋሻ ጀምሮ እስከ ቦንጋና ሐረና ባሉት ደኖች የሚገኝ ትልቅ ዛፍ ነው፤ የኮክ ዘመድ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ዴባ ከቅርፊቱ የሚወጣውን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ1966 በፓተንት ካስመዘገበ በኋላ «ታደናን» በሚል ስም፣ ቆይቶም በሌሎች ስሞች በአውሮፓ ሲሸጥ ኖሯል። የሚሸጠውም ለአንድ ሕመም ነው፦ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን ለሚያስቸግረው፣ ካንሰር ላልሆነው የፕሮስቴት እጢ ማደግ።

ይህ እጢ ከፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ያቀፈ ነው። በዕድሜ ያድጋል፤ በ50ዎቹ ዕድሜ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ይገኛል። ሲያድግ ቧንቧውን ይጫናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አባቶቻችን በሚገባ ያውቁታል፤ ለሰው መናገር ግን ያፍራሉ። ፋርማሲ ሲመጡ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። ቤቱ ጸጥ ሲል ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት አላስተኛ አለኝ፤ ብርድ ይሆን እንዴ?» ይላሉ። «አባባ፣ ሲቀመጡ ቶሎ ይወርድልዎታል ወይስ ይጠብቃሉ?» ስላቸው፣ «ኧረ ስጠብቅ ነው የምቆየው፤ ከመጣም በኋላ ይቆራረጣል፣ ጨርሼ የተነሣሁ አይመስለኝም» ይሉኛል። ከኪሳቸው በፌስታል የተቋጠረ ቡናማ ዱቄት አውጥተው «ይቺንስ ልጠጣት?» የሚሉም አሉ። ዱቄቱ የምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ ስንት እንደሚወሰድ የሚናገር ጽሑፍ የለውም።

ቅርፊቱ ምንም አይሠራም አልልም። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ቡድን 1,562 ወንዶች የተሳተፉባቸውን 18 ጥናቶች ሰብስቦ ሲመረምር፣ የቅርፊቱን ጭማቂ የወሰዱት ለሽንት ሌሊት መነሣታቸው በ19 በመቶ፣ ፊኛ ውስጥ የሚቀረው ሽንት በ24 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጥናቶቹ አጫጭር ነበሩ፣ የእጢውን እድገት ለዓመታት ይገታል የሚያሰኝ ማስረጃም አልተገኘባቸውም። ዋናው ነገር ደግሞ በጽሑፋችሁ ያልተነሣው ነው፤ እነዚያ ሰዎች የወሰዱት በውሃ የተፈላ ቅርፊት አይደለም። ይረዳሉ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ስብ እንጂ ውሃ በቀላሉ የማያሟሟቸው ናቸው፤ ስለዚህ ፋብሪካው በኬሚካል ማሟሟያ ያወጣቸዋል። 5 ኪሎ ጭማቂ ለማግኘት 1,000 ኪሎ ገደማ ደረቅ ቅርፊት ይፈጃል፤ በቀን የሚወሰደው የተለመደው መጠን 100 ሚሊ ግራም ነው። ማሰሮ ውስጥ አንድ ጭብጥ ቅርፊት ጥዶ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም። በዚያ ላይ ትኩሱን ልጥ ወይም ቅጠሉን አሽቶ ያሸተተ ሰው የመራራ ለውዝ ሽታ ያገኛል። ያ ሽታ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ከሚፈጥሩ ውህዶች የሚመጣ ነው፤ ቅጠሉንና ፍሬውን እንደ ሻይ ቅጠል አብሮ ማፍላት መቅረት አለበት።

ወደ ሌሎቹ ሕመሞች ልመለስ። ሴት ልጅ ስትሸና የሚያቃጥላት፣ ሽንቷ ቶሎ ቶሎ የሚመጣባት አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያ ነው። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር በመሆኑ ባክቴሪያው ፊኛ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም። ለዚህ የፕሮስቴት መድኃኒት ምን ያደርግላታል? የበቆሎ ጸጉር ቀቅሎ መጠጣት፣ የገብስ ውሃ፣ ተልባ እያሉ ጎረቤቶች የሚመክሯት ሽንቷን ያበዛው ይሆናል፤ ኢንፌክሽኑን ግን አያድንም። በዚህ መሃል ትኩሳት ከተነሣ፣ ጎኗን ከወጋት ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ይብሳል፤ ምጥ ያለጊዜው እስከማምጣት ይደርሳል። የሽንት ምርመራ በየጤና ጣቢያው አለ።

ደም የሚሸና ሰው ደግሞ በፍጹም ቅርፊት እየቀቀለ መሰንበት የለበትም። ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ የፊኛ ካንሰር ሊሆን ይችላል። በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ሸለቆ፣ በታችኛው ዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ አካባቢ ለኖረ ሰው የሽንት ቢልሃርዝያም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት የሚድን ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው አንድ አባት አሉ። ሽንታቸው ከማለዳ ጀምሮ እምቢ ብሏቸው ነበር። የሚያውቁት ሰው «ቅርፊቱን በብዛት ጠጡ፣ ይከፍተዋል» ስላላቸው ቀኑን ሙሉ ሲጠጡ ውለዋል። ማታ ልጃቸው ደግፋ ስታመጣቸው እምብርታቸው ድረስ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቋቸው፣ ቀጥ ብለው መቆም አቅቷቸው ነበር። ከእኔ የሚሰጥ መድኃኒት አልነበረም፤ ሆስፒታል ሄደው ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ሽንታቸው ሲወጣ ነው ያረፉት። መውጫው ሲዘጋ መጠጥ መጨመር ጭንቁን ማባስ ነው፤ ፈጥኖ ካልተለቀቀም ኩላሊት ይጎዳል። እግረ መንገዴን፣ የፕሮስቴት ማደግ ያለባቸው አባቶች ለጉንፋን የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱና እንቅልፍ የሚያመጡ ክኒኖችን ባለሙያ ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ፤ ሽንትን ድንገት ሊዘጉ ይችላሉ።

ስለ ዛፉም አንድ ነገር ልበል። ልጡ ዙሪያውን የተገፈፈ ጥቁር እንጨት ይደርቃል። ካሜሩን ለዓመታት ዋና ላኪ ሆና ስትቆይ ዛፎቹ በየተራራው እየተገፈፉ ተመናመኑ፤ ዛፉ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን የሚገባውን ቅርፊት አገደ። በእኛም አገር ለጣውላና ለማገዶ እየተቆረጠ ያለ ዛፍ ነው። ጋዜጣ ላይ «ለማንኛውም የሽንት ችግር» ተብሎ ሲጻፍለት ቢላዋ ይዞ የሚሄድበት ሰው ይጨምራል፤ ያውም ለማይረዳው ሕመም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡ፤ ቅርፊቱ የተጠናው ለፕሮስቴት ማደግ መሆኑንና የተጠናውም በውሃ የተፈላው አለመሆኑን ግለጹ። አንድ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ጋብዛችሁም ለፕሮስቴት ማደግ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ታምሱሎሲን በቀናት ውስጥ እንደሚያቀል፣ ፊናስቴራይድ ግን ወራት እንደሚፈልግ ለአንባቢ ያስረዱላችሁ። ደም የሚሸና፣ ሽንት ጭራሽ እምቢ ያለው፣ ከማቃጠል ጋር ትኩሳት ያለው ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ እንዳለበት በጎላ ፊደል አትሙት። ጽሑፉን በማዘጋጀት ልረዳችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ የፋርማሲ ባለሙያ
አዲስ አበባ