ልጅሽን በበረዶ ውስጥ ሳልኳት

ጅማ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? ልጅሽስ? ባለቤትሽስ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷ ብቻ በዚህ ዝናብ አላስቀምጥ ብሏታል። ይህን የምጽፍልሽ ሱቅ ውስጥ፣ ያቺ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ደንበኛ የለም። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ታች ያለው መንገድ ጎርፍ ብቻ ነው፣ አዌቱ ወንዝም ሞልቷል።

ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ቆጥሬዋለሁ።

ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። በጥር 2014 የላክሽልኝ ፎቶ አለ። ልጅሽ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ከቤታችሁ ፊት ለፊት በረዶ ላይ ቆማለች። ሦስት ዓመቷ ነበር። ቀይ ኮፍያ፣ ሰማያዊ ጃኬት፣ እጆቿ ግራና ቀኝ ተዘርግተው መውረድ አቅቷቸዋል። «በካርቱን ሳይልኝ» አልሽኝ። «በሳምንት ውስጥ» አልኩሽ። ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ባዶ እጄን መልስ ልሰጥሽ አፈርኩ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት።

ከዚያ አባትሽ አረፉ። ለቅሶ ደርሻለሁ። ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ላንቺ ግን አልደወልኩም። ያኔ መደወል ነበረብኝ፣ አልደወልኩም፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በይኝ።

አሁን የምነግርሽ ነገር የጀመረው እዚያው ለቅሶ ቤት ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያ ፎቶ ተሰቅሏል። አባትሽ ከስልካቸው አውጥተው፣ በትልቁ አሳትመው፣ ፍሬም አስገብተውት ነበር። ግን ፊቷ ካሬ ካሬ ሆኗል። ዓይኗ ጥቁር ሳጥን ነው፣ አፍንጫዋ አይለይም። እናትሽ አጠገቤ ቆመው «ዓይኔ ነው መሰለኝ፣ የልጄ ልጅ ፊት አይታየኝም» አሉኝ። ዓይናቸው አልነበረም፣ ፎቶው ነው።

በስልክ የሚላክ ፎቶ መንገድ ላይ ተጨምቆ ትንሽ ይሆናል። ፎቶ ማለት ደግሞ የጥቃቅን ካሬዎች ክምችት ነው፣ ፒክስል የምንለው። ጥቂቱን ካሬ ግድግዳ የሚያህል ቦታ ላይ ስትዘረጊው እያንዳንዱ እንደ ባቄላ ይተልቃል። በቬክተር የተሳለ ነገር ግን ካሬ የለውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው «ከዚህ ነጥብ ተነሥ፣ እንዲህ ታጥፈህ እዚያ ነጥብ ድረስ ሂድ፣ ውስጡን ቀይ ሙላ» የሚል ነገር ነው። ስታሳድጊው ኮምፒውተሩ እንደገና ያሰላዋል። እዚህ ሱቅ አንዱን አርማ በ3 ሴንቲ ሜትር ስቲከርም፣ በ3 ሜትር ባነርም አወጣዋለሁ፣ ጠርዙ ንቅንቅ አይልም። የዚያን ቀን ማታ ልጅሽን በቬክተር እስላታለሁ ብዬ ወሰንኩ። እናትሽ በፈለጉት መጠን እንዲያዩዋት።

መወሰን ሌላ፣ መሳል ሌላ። ፊደልና አርማ መሥራት አውቃለሁ። ብርድ እንዴት እንደሚሳል ግን አላውቅም ነበር። በረዶ አይቼ አላውቅማ!

በግንቦት አንድ መዋዕለ ሕፃናት የወቅቶችን ሥዕል አዘዘኝ፣ ለክፍል ግድግዳ። በአማርኛው አልተቸገርኩም። ክረምት ብዬ ጃንጥላ የያዘ ልጅ፣ ጭቃና ጎርፍ አደረግኩ። በእንግሊዝኛው ግን «ዊንተር» የሚል አለ፣ መምህሯም ስካርፍ የጠመጠመ ልጅና በረዶ ፈለገች። እኛ ዊንተርን ክረምት እያልን ነው ያደግነው። አስቢው እስቲ፣ እናንተ ጋ በረዶው በሚከመርበት በጥርና በየካቲት እዚህ በጋ ነው፣ አቧራ ነው፣ ጅማ ውስጥ ቡናው ተለቅሞ አልቋል። ቃሉ አንድ ሆኖ ዓለሙ ሌላ ነው። «በረዶ»ም እንደዚያው ነው። እኛ በረዶ ስንል ቆርቆሮ የሚመታው፣ የቡና አበባ የሚያረግፈው ነው። ከፎቶው ጋር «እዚህ በረዶ ጣለ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ለእማዬ አነበብኩላት። ደንግጣ «ጣሪያቸውስ ደህና ነው?» አለች። መዝገበ ቃላቱ ለእናንተው በረዶ «አመዳይ» የሚል ቃል አለው። ሰው በአፉ ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለማንኛውም ያ ትእዛዝ ፎቶሽን እንደገና አስከፈተኝ። በዚህ ክረምት ማታ ማታ ስሠራት ቆየሁ።

የምሠራው በኢንክስኬፕ ነው። የቬክተር መሳያ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየሠሩት እዚህ የደረሰ። ፎቶሽን ከታች ባለው ሌየር (እንደ መስታወት የሚደራረብ ንብርብር ነው) አስቀምጬ አደበዘዝኩትና ቆለፍኩት። ከላዩ አዲስ ሌየር ከፈትኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት፣ ልጅቷን ሙሉ በሙሉ ስዬ ጃኬቱን ላይዋ ላይ ማልበሴ ነው። ቀጭን ክንድ፣ ረጅም አንገት፣ እንደኛ ሰፈር ልጆች። ጃኬቱ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ። ሰረዝኩት። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ብርድ ውስጥ ያለ ልጅ አንገት የለውም። ትከሻው ጆሮው ድረስ ይወጣል። ክንዱ ከወፍራሙ ልብስ የተነሣ ወደ ጎን ይቆማል። ጣት የለውም፣ አውራ ጣቱ ብቻ ለብቻው የሆነ ድፍን ጓንት ነው። እነዚህን ሳይ ከልጅቷ ሳይሆን ከጃኬቱ ጀመርኩ። አንድ ትልቅ ክብ፣ ሁለት ሞላላ፣ አገናኝቼ አንድ አደረግኳቸው። ፊቷን መጨረሻ ላይ በኮፍያውና በስካርፉ መካከል አስገባሁት። ያኔ በረዳት።

ስለ መስመሩ ሳልነግርሽ አላልፍም። የሚጠማዘዘውን መስመር የምናወጣበት ዘዴ ቤዚዬ ይባላል። ስሙ ከፒዬር ቤዚዬ የመጣ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ሬኖ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የመኪና አካል ቅርጽ ለማውጣት የተጠቀመበት ሒሳብ ነው። ይህን ሳነብ አባትሽ ትዝ አሉኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጋራዡ በር ላይ ቆመን የተጨረመተ ላሜራ ሲያቃኑ እናይ ነበር። «ብዙ ከመታሽው ይጎረብጣል። ቦታውን አውቀሽ ጥቂት ነው መምታት» ይሉን ነበር። ኖድም፣ መስመሩ የሚታጠፍበት ነጥብ ማለት ነው፣ ልክ እንደዚያ ነው። የልጅሽን ጉንጭ መጀመሪያ በ14 ነጥብ አወጣሁት፣ ጎርበጥባጣ ሆነ። እየቀነስኩ እየቀነስኩ 4 ላይ ስደርስ ለስልሶ ቆመ። መዶሻቸውን እየሰማሁ ነበር የምሠራው።

ቀለሙ ላይ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ያየኋቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ሁሉ ብርድ የመታው ጉንጭ ሮዝ ነው ይላሉ። ልጅሽ ጠይም ናት። ሮዙን ሳደርግላት ቀለም የተለቀለቀች መሰለች። ትቼው ከራሷ መልክ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሸክላ የሚሄድ ቀይ ወሰድኩ። በሱ ክብ አድርጌ ጠርዙን አደበዘዝኩት። በቃ፣ ሙቀት ገባባት። ጠይም ልጅ የምትስሉ ሁሉ ሮዙን ተዉት ማለት ያምረኛል። ኮፍያዋም እንደ ፈረንጆቹ ካርቱን ጭንቅላቷ ላይ አልተለጠፈም። ከሥሩ ሹሩባ አለ፣ ስለዚህ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። አናቱ ላይ ያለውን የክር ኳስ በኮከብ መሣሪያ ነው ያወጣሁት። 40 ጫፍ ሰጥቼ ትንሽ አዘበራረቅሁት፣ እውነተኛ ክር መሰለ።

በረዶውን ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ስቀባው ጠፋ። ነጩ የሚታየው ዙሪያው ሲጠቁር ነው፣ ስለዚህ ሰማዩን የምሽት ሰማያዊ አደረግኩት። ጥላውን ደግሞ ግራጫ ስቀባ አመድ ሆነብኝ። ፎቶሽን አጉልቼ ሳይ ጥላው ሰማያዊ ነው! የበረዶ ጥላ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከሰማዩ ስለሚመጣ ነው። ጫማዋንም በረዶው ላይ አቁሜው ነበር፣ የተንሳፈፈች መሰለች። ያን ጊዜ አንድ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ። በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የነበረ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ስሜን ድረስ ዘምቶ በረዶው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት እንደነበር ይናገራል። እስከ ጉልበት! ጫማዋን ሙሉ በሙሉ ደበቅኩት። እግሯ ዙሪያ ትንሽ ጉድጓድ አደረግኩ፣ ውስጡን በዚያው ሰማያዊ ጥላ ሞላሁት። መሬት ያዘች።

ከሁሉም ያስደሰተኝ የበረዶ ቅንጣቷ ናት። ቅንጣቷ ስድስት ክንድ ነው ያላት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ስምንት አድርጎ አምጥቶልኝ ነበር፣ ብዙ ፖስትካርድ ላይም ስምንት ይታያል፣ ስህተት ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ ስድስት ጎን እየሠሩ ነው የሚያያዙት፣ ክንዶቹም ከዚያ ይመጣሉ። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የአሜሪካ፣ የቬርሞንት ገበሬ በ1885 እ.ኤ.አ. ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ ቅንጣቶችን ማንሳት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ከ5,000 በላይ አንስቷል። እኔ አንዷን ክንድ ብቻ ነው የሳልኩት። ሁለት ጊዜ ስትጫኛት መሃሏ ላይ ትንሽ መስቀል ትወጣለች። መስቀሏን ወደ ክንዷ ሥር ጎተትኳት፣ ምሰሶዋ እዚያ እንዲሆን። ከዚያ አባዝቼ የኮንትሮልን ቁልፍ ይዤ አዞርኩ። በ15 በ15 ዲግሪ ነው የሚረግጠው፣ አራት ርምጃ ስድሳ ይሞላል። አምስት ጊዜ ደገምኩት፣ ክቡ ገጠመ። መብራት ሄዶብኝ አንዴ የጠፋችውን እንደገና ስሠራት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

አሁን ላንቺ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አለኝ። ቅንጣቷ እጅጌ ላይ ስታርፍ ስድስቱ ክንድ በዓይን ይታያል? ወይስ ነጭ ነጥብ ብቻ ናት? በረዶው ሲጥል ድምፅ አለው? እዚህ ዝናቡ ሲወርድ በስልክ መነጋገር አይቻልም፣ ታስታውሺያለሽ። ያለ ድምፅ የሚወርድ ነገር እንዴት እንደሚሳል ጨንቆኛል። ለጊዜው ቅንጣቶቹን አራርቄ፣ ቀጥ አድርጌ፣ ያለ ምንም የፍጥነት መስመር ነው ያስቀመጥኳቸው። ልክ ካልሆነ ንገሪኝ።

ፋይሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከአንድ ፎቶ በጣም ያንሳል፣ በደካማ ኔትወርክም ያልፋል። ስትከፍቺው አፍ እንደሌላት ታያለሽ። ረስቼ አይደለም። ፎቶው ላይ ስካርፉ ሸፍኖታል፣ ደግሞስ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን ስድስት አልፏታል። የፊት ጥርሷ ወለቀ? ስትስቅ ክፍተቱ ይታያል? ጥርሷንስ የት ጣላችሁት? እኛ የናንተ ቤት ቆርቆሮ ላይ ነበር የምንወረውረው፣ ያንቺው አንዱ ተንከባሎ ተመልሶ እግርሽ ሥር ወድቆ አልቅሰሽ ነበር።

አፏን በተለየ ሌየር ባዶ ትቼዋለሁ። ስትነግሪኝ እሞላዋለሁ። ከዚያ አንድ ሜትር አድርጌ አትሜ ለእናትሽ እወስድላቸዋለሁ። አባትሽ የሰቀሉትን አላነሳውም፣ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ይቆይ። ይህቺን ከጎኑ እሰቅላታለሁ።

እስክትጽፊልኝ ድረስ ላፕቶፑን አልዘጋውም።

ያንቺው፣
የበርጩማ ጓደኛሽ