አሪቲው መሃል የበቀለው

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ጓደኛዬ፣ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ይኼን ያህል ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ። ምክንያቱን ስንገናኝ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፤ አሁን ከጀመርኩት ዋናው ነገር ይቀራል። ዛሬ የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። «ሲቸግርሽ ነው የምታስታውሺኝ» እንደምትዪ አውቃለሁ። በይ። ግን መጀመሪያ አንብቢው።

የእማዬን ጓሮ ለአንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ጤና አዳሙም፣ በሶብላውም፣ ጠጅ ሳሩም እዚያው ናቸው። አሪቲውም ያው ከግንቡ ሥር ነው። ባለፈው በጋ ግንቡ ተደርምሶ አሠራነው። አሸዋውን አይሱዙ ከታች ከቆላው አመጣልን። ከሥራው የተረፈውን አሪቲው አጠገብ ከምረን ተውነው። ክረምቱ ገባ። ከዚያ አሸዋው ላይም፣ አሪቲው መሃልም አንድ የማላውቀው ነገር ፈላ።

ሙጃውን፣ ሰርዶውን፣ እንግጫውን፣ ጨጎጊቱን አውቃቸዋለሁ። እነሱን እየለየሁ ነቅያለሁ። አስተናግርም በቅላ ነበር፤ ልጆች እሾሃማ ፍሬዋን ሳያገኙት ቶሎ አስወገድኳት። ይኼኛው ግን እጄን ያዘው። ቡቃያው መሬት ላይ ክብ ሠርቶ ይነጠፋል። ቅጠሉ ጥልቅ ጥልቅ ብሎ የተቆራረጠ ነው። ከላይ ሆነሽ ስታዪው አሪቲ ነው ብለሽ ትምያለሽ። እማዬ ዓይኗ ደክሟል፤ ሞራ አለባት። በዳበሳ ደርሳበት «አሪቲዬ ዘሩን ጥሎ ተባዛልኝ» ብላ ደስ አላት። ለመውሊድ ቡና ጓዳውን ሁሉ አሪቲ ላደርገው ነው እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች። እንዲህ ደስ ብሏት ሳያት ከቆየሁ ሰንብቻለሁ። ታዲያ እንዴት ብዬ ልንቀለው?

የእህቴ ልጅ በስልኳ ፎቶ አንስታ ፕላንትኔት በሚባለው መተግበሪያ ፈለገችው። አንዱን ፎቶ የአሪቲ ዘመድ ነው አላት። ሌላውን ደግሞ የካሮት ወገን አደረገው። ሌላ ፎቶ ስትጨምር ቅንጨ አረም የሚል መጣ። ልጅቷ ተናደደች። እኔ ግን አልፈረድኩበትም። አበባ ወይም ፍሬ የሌለው ቡቃያ ሰውንም ያሳስታል፤ ይኼን ደግሞ መጀመሪያ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

የለየችው እማዬ ናት። አንድ ጠዋት እጇን ይዤ ወደ ግንቡ ወሰድኳት። ከዱሮው አሪቲ አንድ ቅጠል ቆርጬ ሰጠኋት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አሸት አደረገችው፣ አፍንጫዋ ላይ ያዘችው፣ ፈገግ አለች። ከአዲሱም ሰጠኋት። አሸችው። ዝም አለች። እንደገና አሸችው። «ይኼ ሳር ሳር ነው የሚለው። የኔ አይደለም» አለችኝና ጣለችው። ቶሎ ብዬ እጇን በሳሙና አጠብኩላት። ከዚያ ሁለቱን ቅጠሎች ገልብጬ ሳያቸው የአሪቲው ጀርባ ነጣ ብሎ አመድማ ነው። የዚህኛው ከፊቱም ከኋላውም አረንጓዴ ነው፤ ስስ ጸጉር አለው። ከአሸዋው ወዲያ ማዶ ደግሞ አንዱ ቀድሞ ግንድ አውጥቶ ቆሟል። ግንዱ ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር አለው። አናቱ ላይ የክብሪት ራስ የምታክል ነጭ አበባ ጀምሯል። ጠጋ ብዬ ሳየው አምስት ማዕዘን አለው። ያኔ ልቤ ስንጥቅ አለ።

ቅንጨ አረም ነው፣ እህቴ። ቆቦ ስናስተምር መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞት የነበረው ያው ነው። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ትዝ ትልሻለች? «ወተትሽ መረረ» ብለሽ የተጣላሻት? ላም ይኼን ከጋጠች ወተቷ እንደሚመር አሁን ነው ያወቅኩት። ምስኪኗ ሴትዮ ምን ታድርግ! ካገኘሻት ይቅርታ ብትጠይቂያት ደስ ይለኛል። የምሬን ነው።

ደሴ ብርድ ነው፣ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ይኼ ደግሞ የቆላና የወይና ደጋ አረም ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር። እሱ ግን በአሸዋ፣ በእህል፣ በመኪና ጎማ ጭምር ነው የሚጓዘው። አገሩ የአሜሪካ አህጉር ነው፣ ሞቃታማው ክፍል። እኛ ዘንድ በ1970ዎቹ ገባ ይባላል፤ አዛውንቶቹ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው የመጣው ይላሉ። አንድ ተክል ብቻውን ከ10,000 በላይ ዘር ይጥላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ነገር ደግሞ አጠገቡ ያለ ዘር እንዳይበቅል ያፍናል። ዘንድሮ ካለፈኝ የእማዬ አሪቲ አለቀለት ማለት ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን ከአሪቲው በላይ ልጁ ነው። የወንድሜ ልጅ አስም እንዳለበት ታውቂያለሽ። የዚህ አረም ብናኝ ለአስም ክፉ ነው፤ ቆዳም ያሳክካል። ሰሞኑን ክንዱ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል። ከዚህ ይሁን ከሌላ አልታወቀም፤ ቅባት ታዞለታል። እኔ ግን ሌሊት ሲያስለው በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ በመስኮት ወደ ግንቡ አያለሁ።

ቅዳሜ ልነቅለው ነው። ሌሊት ስለሚዘንብ አፈሩ ሲርስ ከነሥሩ ይወጣል። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ልጁን እህቴ ቤት ልኬ። ያበበውን ሳላራግፍ ቀስ ብዬ ለብቻው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስገባዋለሁ። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ከገባ መልሼ መዝራቴ ነው። ጉድጓድ ቆፍሬ ጥልቅ አድርጌ ልቀብረው አስቤያለሁ። ትክክል ካልሆነ ንገሪኝ። አሪቲው መሃል የገባውን አንድ በአንድ እያሸተትኩ እለያለሁ። እማዬም አጠገቤ ወንበር አውጥታ ልትቀመጥ ነው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች እንጂ አልቀርም ብላለች።

ያልገባኝ ሌላው ነገር ደግሞ አጥሩ ላይ ያለው ነው። ሁለት ሐረግ ተጠላልፎ ወጥቷል። አንዱ ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ ነጠላ ነው፣ ቀጭን የሚጠመዘዝ ክር አውጥቶ ሽቦውን ይይዛል። ሌላው ክር የለውም። በቅጠሉ እጀታ ነው የሚጠመጠመው፣ አንድ እጀታ ላይ አምስት ቅጠል አለው። እኔ እንደሚመስለኝ የመጀመሪያው ሐረግ ሬሳ ነው፣ ሁለተኛው አዞ ሐረግ። ግን ሁለቱም አላፈሩም። ቀይ ፍሬ ቢያወጣ ወይም ላባ የመሰለውን ነጩን ዘር ባይ ኖሮ አንቺን ባላስቸገርኩ። እማዬ «አንዱ ለምች ነው፣ አንዱ ቆዳ ይልጣል» ትላለች። የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት ጣቷ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይሄዳል።

ትናንት ጎረቤታችን «ልጄን ምች መታው» ብላ ከዚያ ሐረግ ልትቆርጥ መጣች። እምቢ አልኳት። በእኛ ሰፈር ቅጠል መከልከል ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዳማከሴ ቆርጬ ሰጠኋት፤ ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው አልኳት። ፊቷ ግን ጠቁሮ ነው የወጣችው። ነገ ቡና ልጠራት ነው። እርግጡን አውቄ «ይኼኛውን ቁረጪ፣ ያኛውን እንዳትነኪ» ብላት ነበር የምወደው።

ስለዚህ ሁለቱንም ሐረግ ጋዜጣ መሃል አድርጌ፣ ድንጋይ ጭኜ፣ ወረቀቱን በየቀኑ እየቀየርኩ አድርቄያለሁ። ከየት እንደተቆረጠ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ቁመቱን ሁሉ ጽፌበታለሁ፣ ዱሮ እንዳሳየሽኝ። የአክስቴ ልጅ ሐሙስ ስለሚወርድ ያደርስልሻል። አንቺ ራስሽ ካልለየሽው አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ኸርባሪየም ውሰጂልኝ፤ እዚያ ከደረቁት ናሙናዎች ጋር አስተያይተው ይነግሩሻል። ቅንጨ አረሙን ግን አልላክሁም። አንድ ዘር ከረጢት ውስጥ ቀርቶ ግቢሽ እንዲበቅል አልፈልግም። የእሱን ፎቶ በቴሌግራም ታገኚያለሽ።

ሌላም ልጠይቅሽ የፈለግኩት ነገር ነበር። ስለዚያ ሰውዬ ሰምቻለሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ስለጨነቀኝ ነው እስካሁን... ተይው። ማውራት ከፈለግሽ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። ካልፈለግሽም ስለ ሐረጉ ብቻ መልሽልኝ፣ እኔ ምንም አልልም። ብቻ አብሽሪ። ደሴ መምጣት ካሰኘሽ ያ ክፍል ባዶ ነው። እማዬ ስምሽን ስጠራላት «ያቺ ቀጭኗ፣ ጤና አዳሜን የምትጨርሰው?» ትላለች። አሁንም ለአንቺ የሚሆን አይጠፋም።

ፎቶዎቹን ከቅዳሜ በፊት እዪልኝ። አሪቲ የሆነውን በስህተት እንዳልነቅልባት እፈራለሁ፤ የተጠራጠርሽው ካለ ፎቶው ላይ ክብ አድርጊበትና መልሰሽ ላኪልኝ። ሐረጉን ደግሞ የኸርባሪየሙ ሰዎች ያለ አበባ አንለይም ካሉሽ ቶሎ አሳውቂኝ። እስኪያብብ አልነካውም፤ ልጆቹንም ከአጥሩ አርቃለሁ፣ ለጎረቤታችንም ምክንያቱን እነግራታለሁ።

የምትወድሽ፣
ያቺው የቆቦዋ ጓደኛሽ
ደሴ