መርከቧ የታለች?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጋዜጣችሁን ስገዛ መጀመሪያ ምገልጠው የእንግሊዝኛ አባባል ምታስተምሩበትን አምድ ነው። ባለፈው «ሉዝ ሊፕስ ሲንክ ሺፕስ» ሚለውን አቀረባችሁ፣ አፉን ማይሰበስብ ሰው መርከብ ያሰጥማል ማለት ነው ብላችሁ ፈታችሁት፣ እስከዚህ አሪፍ ነው። ከስሩ ግን ለምሳሌ ያመጣችሁት ጨረታ ላይ የተሰራ ሸፍጥ አይቶ ለጋዜጠኛ የተናገረ የሂሳብ ሰራተኛ! እኔ ምለው፣ እዚህ ጋ መርከቧ የታለች?

አባባሉ የሁለተኛው የአለም ጦርነት ነው። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ሲግራም የሚባለው የውስኪ ካምፓኒ በየመጠጥ ቤቱ ሚለጠፍ ፖስተር አሳተመ፣ እንግዲህ ውስኪ ሻጩ ነው ጠጪውን ምላስህን ያዝ ሚለው። የታሰበለት ሰው ደሞ ግልጽ ነው፣ ሞቅ ሲለው ነገ ማታ እንነሳለን በዚህ በኩል ነው ምናልፈው እያለ ሚለፈልፍ መርከበኛ፣ ወሬው ጀርመን ጆሮ ከገባ ሰርጓጅ መርከብ መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። መነሻ ሰዓትና መንገድ፣ በቃ ይቺው ናት።

ሚገርመው ግን በፈረንጆቹ 1942 የጀርመን ሰርጓጆች አሜሪካ ምስራቅ ጠረፍ ላይ በመቶ ሚቆጠር መርከብ ሲያሰጥሙ ዋናው ጣጣ የመርከበኛ ወሬ አልነበረም። የጭነት መርከቦቹ ያለ አጃቢ ለየብቻ ነበር ሚጓዙት፣ የባህር ዳር ከተሞቹ ደሞ ለወራት መብራታቸውን አላጠፉም፣ ማያሚ እንኳን የቱሪስት ገበያችን ይበላሻል ብላ እምቢ ያለች ከተማ ናት፣ ስለዚህ ማታ ማታ መርከቡ ከመብራቱ ፊት ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ተኳሽ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል። ባለ ሆቴሉን መብራት አጥፋ ከማለት መርከበኛውን ዝም በል ማለት ይቀላል መሰለኝ።

አፉ ያልተገራ ሰው ከፈለጋችሁ አንድሪው ሜይ የሚባለውን ውሰዱ። አሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ የኬንታኪ ግዛት ተወካይና የጦር ጉዳዮች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፣ ጁን 1943 ከጦር ቀጠና ጉብኝት ተመልሶ ለጋዜጠኞች ጃፓኖች ውሃ ውስጥ ሚጥሉት ቦምብ ጥልቅ ሳይወርድ ነው ሚፈነዳው፣ ሰርጓጆቻችን ሚያመልጡት ለዛ ነው ብሎ ዘረገፈው፣ ጋዜጦችም አወጡት። የፓሲፊክ ሰርጓጆች አዛዥ የነበረው አድሚራል ሎክዉድ በዚህ ምክንያት 10 ሰርጓጅ መርከብና 800 ሰው አጥተናል ብሎ ገምቷል፣ ግምቱ ላይ ሚከራከሩ ቢኖሩም። ሰውየው በኋላ እስር ቤት ገብቷል ግን በዚህ እንዳይመስላችሁ፣ ከጦር መሳሪያ አምራቾች ጉቦ በልቶ ነው፣ ማለት ያ የሂሳብ ሰራተኛችሁ አየሁ ያለው አይነት ነገር።

አንዳንድ አለቃ ይሄን አባባል ስብሰባ ላይ እንዴት እንደሚወደው እናንተም ታውቃላችሁ፣ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም»ን ራሱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ፖሊሲ ያስመስለዋል። ልጆቻችን አምዱን እያነበቡ ነው ሚያድጉት፣ ሌባ ያጋለጠ ሰው ሚስጥር አባካኝ ነው ብለው እንዲይዙት አልፈልግም። በሚቀጥለው እትም ምሳሌውን ቀይሩልን፣ የወታደር ጉዞ ቀን ፌስቡክ ላይ የለጠፈ ሰው ብትሉ ይበቃል።

አንባቢያችሁ
ከመገናኛ