ድመቷን እስከ ፍልሰታ ፍቺ አትልቀቋት

ቶሮንቶ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፤
አዲስ አበባ፣ የካ አባዶ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ።

ባለፈው እሑድ ስንነጋገር ከሽሮ ሜዳው ወፍጮ ቤት ስላመጣችኋት ድመት የነገርሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ በስልክ ተጣድፌ ከማወራው ይልቅ ረጋ ብዬ ልጽፈው ወሰንሁ። ደብዳቤውን ፎቶ አንሥቼ በማሙሽ ቴሌግራም እልከዋለሁ፤ እሱ ያነብልሻል። ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ በጣሪያና በአጥር ላይ ያደገችውን እንስሳ ሜዳ ላይ አልጥልም ብለሽ ወደ አዲሱ ቤትሽ በማምጣትሽ ኮርቼብሻለሁ። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ በር ሥር እየጮኸች እንቅልፍ ስለነሣቻችሁ፣ ማሙሽ «በሚቀጥለው ሳምንት እንልቀቃት፣ ሰፈሩን ራሷ ትልመደው» ማለቱን ስሰማ ደነገጥሁ። እባካችሁ አትልቀቋት።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ባለፈው ዓመት ከቤቴ ሦስት መንገድ አለፍ ብለው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ ውጭ መዋልና ማደር የለመደውን ድመታቸውን እኔ ወሰድሁት። በአራተኛው ቀን መስኮት ሥር ቆሞ ሲጮህ አንጀቴን በላውና በሩን ከፈትሁለት። ወጣ፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ከሥራ ስመለስ በየጓሮው እየዞርሁ ስጠራው ከረምሁ። በዘጠነኛው ቀን ያገኘሁት በሽማግሌው ባዶ ቤት ደጃፍ ነው፤ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ የግራ ጆሮው ተቀዶ፣ ከእንግዲህ ማንም የማይከፍተውን በር እየተመለከተ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እዚህ ሦስት መንገድ ብቻ ነው፤ ከየካ አባዶ እስከ ሽሮ ሜዳ ግን ስንት አስፋልት፣ ስንት መኪናና ስንት የውሻ መንጋ እንዳለ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሲመሽ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ጅብ አለ።

ድመት ቦታን የምታውቀው በዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም በጠረን ነው። ጉንጯንና ጎኗን በየመቃኑና በየወንበሩ እግር የምታሻሸው የራሷን ጠረን ለመተው ነው፤ ያ ጠረን ያለበት ሁሉ ለእሷ ቤት ነው። እናንተ ጋ ዛሬ ያለው የሲሚንቶ፣ የቀለምና የበርበሬ ጠረን እንጂ የእሷ የሆነ ነገር አይደለም። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ቢቻል አራት፣ ከቤት ሳትወጣ መቆየት አለባት። ሐምሌ 10 ቀን ስለመጣች እስከ ፍልሰታ ፍቺ ብታቆዩልኝ ከአንድ ወር ጥቂት ያልፋል፤ ያን ጊዜ ልቤ ያርፋል።

ለመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ሁሉ አትስጧት፤ ትንሿ መኝታ ክፍል ትበቃታለች። ከአልጋው ሥር ብትደበቅ ማንም እጁን ሰዶ አይጎትታት። ማሙሽ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያንብብ፤ ብታየው ዓይኑን አያፍጥባት፣ ቀስ ብሎ ጨፍኖ ይግለጥ፤ እሷም መልሳ እንደዚያው ካደረገች መፍራቷ እየቀነሰ ነው። ከወፍጮ ቤቱ አብሮ የመጣውን፣ ትተኛበት የነበረውን ጆንያ ግን ዱቄቱ ቢረግፍም አታጥቢው። ከቀድሞ ቤቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። አንቺ ስትሸኚኝ ያለበስሽኝን ነጠላ ዓመት ሙሉ ሳላጥበው ትራሴ ላይ እንዳኖርሁት ነግሬሻለሁና ይህ አይጠፋሽም።

ለመጸዳጃዋ ዝቅ ያለ ሳፋ ውስጥ ደረቅ አፈር ከአሸዋ ቀላቅላችሁ አድርጉላት፤ ከምግቧም አርቁት። ሳፋውን ነፍሰ ጡሯ እህቴ በፍጹም አታጽዳ። በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ፅንስን ይጎዳል። ከወጣ በኋላ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ቆይቶ ስለሆነ፣ ማሙሽ በየቀኑ አንሥቶ እጁን በሳሙና ቢታጠብ ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ያው በሽታ ከጥሬ ሥጋም ስለሚመጣ እህቴ እስክትገላገል ድረስ ጥሬ ክትፎ ይቅርባት።

አሁን የሚያሳስበኝ የፍልሰታ ነገር ነው። እናንተ 15 ቀን ትጾማላችሁ፣ ልኳንዳውም ይዘጋል፤ ድመት ግን ያለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጥረት ናት፤ ሽሮ የነካው እንጀራ ሆዷን ይሞላል እንጂ አያኖራትም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሳንባ ገዝታችሁ ቀቅሉና ከፋፍላችሁ በበረዶ ቤቱ አስቀምጡ፤ ካለቀም እንቁላል ወይም ዓሣ ይሆናል። የጾም ድስት እንዳይነካካብሽ ለእሷ አንዲት አሮጌ ድስትና ሳህን ለዪላት፤ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ዛሬ ልኬያለሁ። ሽንኩርት የገባበት ወጥ አትስጧት፣ መርዟ ነው። ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ወተት ስለሚያስቀምጣቸው ውኃ ይበቃታል። ፓራሲታሞልም እንዳትሞክሩላት፤ ይገድላታል። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ካልቀመሰች ግን ጉበቷ ይጎዳልና ሳትዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡልኝ። እስከዚያ ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንዳትወልድ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምናም ጠይቁ። ጎረቤቶቻችሁን ደግሞ የአይጥ መርዝ ያስቀመጡ እንደሆነ አነጋግሯቸው፤ የወፍጮ ቤት ድመት አይጥ መያዝ አትተውም፣ መርዝ የበላ አይጥ ከበላች ደግሞ እሷም ትመረዛለች።

የመውጫዋ ቀን ሲደርስ ዝናብ የሌለበትን ቀን ምረጡና ጠዋት ብቻ አብሏት፤ እስኪርባት ጠብቃችሁ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ በሩን ክፈቱላት። ተሸክማችሁ አታውጧት፣ በራሷ እግር ትውጣ። ጆንያውን ደፉ ላይ አንጥፉላት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳህኗን እያንኳኳችሁ ጥሯት፣ ስትገባም ወዲያው አብሏት። የእኔ ድመት ለሁለተኛ ጊዜ አራት ሳምንት ቆይቶ የወጣው እንደዚህ ነበር፤ ዛሬ ይህን ስጽፍ እግሬ ሥር ተኝቷል።

እናንተ ጋ 11 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሥራ ላይ ብሆንም ስልኩን አነሣለሁና፣ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማሙሽ ይደውልልኝ። የጆንያውን ነገር አደራ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ