ርዕስ የምንቀይረው ግድ ስለሌለን አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ከዜና ስለሚሸሹ ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። መቼም ብዙ አንባቢ አይቶታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ። «ፖለቲካ ሲነሳ ርዕስ የሚቀይር ሰው ወይ ፈሪ ነው ወይ ግድ የለውም» ይላል። ማን እንዳለው አልተጻፈም። ምን ተይዞ እንደተባለም አልተነገረም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሰው ፊት ስልኳን ዘርግታ «ይኸው፣ ስለ አንቺ ተጽፏል» አለችኝ።

አዎ፣ ርዕስ እቀይራለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እናቴ ታማለች። ከወንድሜ ጋር እየተፈራረቅን እናስታምማታለን። እኔና ወንድሜ ደግሞ በፖለቲካ ጨርሶ አንግባባም። አንድ ቀን አልጋዋ አጠገብ ወሬው ተነሳና ድምፃችን ከፍ አለ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። አንሶላውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። የደም ግፊት መለኪያውን ላስርላት ክንዷን ስይዘው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ስንቀያየር የምናወራው ስለ መድኃኒቷ ሰዓት፣ ስለ እንቅልፏ፣ ማታ ማን እንደሚያድር ነው። ወንድሜ ፖለቲካ ሊጀምር ሲል «ሽሮፑን ሰጠሃት?» እለዋለሁ። ይገባዋል። እኔ ልጀምር ስል እሱም እንደዚሁ ያደርጋል። የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን ሁለታችንም ተሰልፈን ድምፅ እንሰጣለን። ይሄ ነው ፍርሃት? ይሄ ነው ግድ የለሽነት? ዘገባውን የጻፈው ሰው መጥቶ አንድ ሌሊት እኛ ቤት ይደርና ይንገረኝ።

የሚያናድደው ደግሞ፣ ሰዎች ለምን እንደሚሸሹ ዘገባው አንድም ቦታ አለመጠየቁ ነው። የተጠየቀ ነገር ነው እኮ! የሮይተርስ የጋዜጠኝነት ጥናት ተቋም በየዓመቱ በብዙ አገሮች ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 አልፎ አልፎም ሆነ አዘውትረው ዜና የሚሸሹት 29 በመቶ ነበሩ። በ2022 38 በመቶ ደረሱ። ከእነዚህ ሰዎች 43 በመቶዎቹ ፖለቲካና ኮሮና በዛብን አሉ። 36 በመቶዎቹ ስሜታችንን ይጎዳዋል አሉ። 17 በመቶዎቹ ደግሞ የማንፈልገው ጭቅጭቅ ውስጥ ይከተናል አሉ። «አቃተን» ያለን ሰው «አያገባኝም አለ» ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት ጋዜጠኝነት ነው?

ጉዳቱም የፈጠራ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጠየቁ። በዚያ ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘገባውን ሲከታተሉ የነበሩት፣ ፍንዳታው ቦታ ላይ ከነበሩት ሰዎች የባሰ የጭንቀት ምልክት ታየባቸው። ቦታው ላይ ከነበሩት! በ2020 ኮሮና ሲመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስጨንቃችሁን ዜና ቀንሱ፣ መረጃ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ በተወሰነ ሰዓት ተከታተሉ ብሎ መክሯል። እኛ ቤትም የምናደርገው ይህንኑ ነው። እናቴ ዜና ትወዳለች፤ ሬዲዮዋ ከትራስጌዋ አይጠፋም ነበር። ሐኪሟ የማታውን ተይው አላት። አሁን ጠዋት ትሰማለች፣ ታዝናለች፣ አስተያየቷን ትሰጣለች፣ ከዚያ ይዘጋል። ደህና ትተኛለች።

ምንም ነገር ላለመስማት የወሰነ፣ ሳያውቅ ድምፅ የሚሰጥ ሰው የለም አልልም። አለ፤ እሱም ያሳስበኛል። ስለ እሱ ጻፉ። እኛን ግን ከእሱ ጋር አንድ ላይ አትጨፍልቁን።

አሁን ወደ ራሳችሁ ልመለስ። ዘገባው በወጣበት ቀን ማታ፣ እናቴ ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት፣ ስልኬ «ሰበር ዜና» ብሎ ጮኸ። የላካችሁት እናንተ ናችሁ። ስከፍተው ጠዋት ያነበብኩት ዜና ነው። ርዕሱ ላይ «አስደንጋጭ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል፤ ሌላው እንዳለ ነው። በ2023 ከ100,000 በላይ የዜና ርዕሶችን የመረመረ ጥናት ወጥቶ ነበር። ርዕስ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል ሲጨመር የሚከፍተው ሰው በ2.3 በመቶ ይጨምራል ይላል። ይህን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰውን በሌሊት እያስደነገጡ፣ ደንግጦ ስልኩን ሲዘጋ ደግሞ «ፈሪ» ብሎ መስደብ ነውር ነው።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ያንን ዓረፍተ ነገር አርሙት፤ እርማቱንም ዘገባው በወጣበት ቦታ አውጡት። የቆየ ዜና «ሰበር» እያላችሁ ማታ ማታ መላኩን አቁሙ። በጉዳዩ ላይ እንደገና የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ በሽተኛ የሚያስታምም ሰው አነጋግሩ። እኔም ፈቃደኛ ነኝ። ብቻ ከረፋዱ በኋላ ደውሉ፤ ጠዋት ጠዋት ተረኛ እኔ ነኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ