ያለቀውን ብቻ ሳይሆን የተበላሸውንም አውጡልን

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የእጅ ሥራ ገፃችሁን ሁሌ ነው የማነበው፣ ጋዜጣው እጄ እንደገባ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው። ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁሌ የምታወጡት ያለቀለትን ሥራ ብቻ ነው፣ ተተኩሶ ፍሬም ገብቶ አንዲት ክር እንኳን ሳታፈነግጥ። ጀማሪ የሆነ ሰው እሱን አይቶ ቤቱ ይሞክርና ሲበላሽበት "የኔ እጅ ለዚህ አልተፈጠረም" ብሎ ይተወዋል፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ትቼው ነበር ለዛ ነው የምፅፍላችሁ።

የኔን ልንገራችሁ። ሊኖ ላይ "አበባ" የሚል ቃል ቀርጬ ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ላትም ፈለኩ። ሊኖ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንግሊዝ አገር ለወለል ንጣፍ ተብሎ የወጣ ነገር ነው፣ ከተልባ ዘይትና ከተፈጨ ቡሽ ነው የሚሠራው፣ ስለዚ ሞቅ ሲል ይለሰልሳል፣ እኔም ፀሐይ ላይ እያቆየሁት መቅረጫው ሳይንሸራተት ደስ እያለኝ ሁለት ማታ ሙሉ ቀረፅኩ። ቀለሙን በሮለር ቀባሁ፣ ጨርቁን ዘረጋሁበት፣ በማንኪያ ጀርባ አሸት አሸት አረኩትና ከጥግ ይዤ ቀስ ብዬ ሳነሳው ቃሉ ተገልብጧል። ህትመት እንደ መስታወት ነው ለካ፣ ግራውን ቀኝ ያደርገዋል። መጨረሻ የነበረው ባ መጀመሪያ ላይ መጥቷል፣ ያውም ረጅሙ እግሩ ወደ ግራ ዞሮ ቁጭ ቦ ሆኗል። በጣም ነው ያዘንኩት።

ጨርቁን ልጥለው አስቤ ግን እንዲደርቅ ሰቅዬው አደርኩ። ጠዋት ከጀርባ በኩል ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁት፣ ቀለም አብዝቼ ስለነበር በስሱ ጨርቅ ዘልቆ ወጥቷል፣ እዛ በኩል ደግሞ "አበባ" ይላል ፈዘዝ ብሎ፣ ባው ባ ነው ቦታውም ልክ ነው። ቁጭ ብዬ ፊደሎቹን ተከትዬ በቀይ ክር ጠለፍኳቸው፣ ቀለሙ በደንብ ያልዘለቀበት ጋ ስፌቱን አጠጋግቼ የዘለቀበት ጋ አራርቄ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ እና አስቤበት የመጣ ነገር አይደለም።

ከዛ በኋላ ፊደል ስቀርፅ ስስ ወረቀት ላይ በእርሳስ እፅፍና ወረቀቱን ገልብጬ ሊኖው ላይ አሸዋለሁ፣ እርሳሱ ተገልብጦ ይቀራል፣ ሲታተም ልክ ይሆናል። ይቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሜ ጋዜጣችሁ ላይ ባገኛት ኖሮ እላለሁ። የጨርቅ ቀለምም እንደዛው ነው፣ አብዛኛው ከደረቀ በኋላ በካውያ ካልተተኮሰ ሲታጠብ ይሄዳል፣ አዲስ ጨርቅም መጀመሪያ ታጥቦ ከፋብሪካ የመጣበት ስታርች ካልወጣ ቀለሙን አይዝም፣ እኔ ሁለቱንም ያወኩት ባልዲ ውስጥ ሰማያዊ ውሃ ካየሁ በኋላ ነው።

ኮላጅም፣ ማለት ቁርጥራጭ ወረቀት እየለጠፉ የሚሠራ ሥዕል፣ እሞክራለሁ፣ ያውም ከናንተው ጋዜጣ እየቀደድኩ። የመጀመሪያዎቹ አሁን ቢጫ ሆነዋል። የጋዜጣ ወረቀት ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ሳይወጣ ስለሚሠራ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይቀየራል፣ እንዳይቀየር የፈለገ ሰው ገፁን ጥሩ ወረቀት ላይ ኮፒ አርጎ ይለጥፍ፣ እኔ ግን አንዳንዴ ቢጫውን እፈልገዋለሁ። ሚክስድ ሚዲያ፣ ማለት አንድ ሥራ ላይ የተለያየ ዕቃ መቀላቀል፣ ሲባል ደግሞ ውድ ዕቃ የሚፈልግ የሚመስላቸው አሉ። ሠዓሊው ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 ሥዕሉ ላይ የለጠፈው እኮ የወንበር ጥልፍልፍ የታተመበት ሙሻማ ነው፣ ዙሪያውንም በፍሬም ፈንታ ገመድ ነው ያዞረበት። የቤት ዕቃ ነው ሁሉም።

ስለዚ ልመናዬ፣ ከዚህ በኋላ የአንድ ሰው ሥራ ስታወጡ ጎኑ ላይ ያልተሳካውን የመጀመሪያ ሙከራውንም አውጡ፣ ምን እንደተበላሸና ከዛ ምን እንዳደረገ በሁለት መስመር ይፃፍበት። መጀመሪያ የሚደፍር ሰው ካጣችሁ የኔ ጨርቅ የፊትና የጀርባ ፎቶው ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል፣ እባካችሁ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋችሁ አውጡት።

አንባቢያችሁ