ኦፍላይን አፓችሁ ሊኑክስና ፋየርፎክስ ላይ ስለማይሠራበት ምክንያት የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የመለማመጃ ዌብ አፕ አቅራቢ ድርጅት፣ የቴክኒክ ክፍል
ከ፦ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ባለሙያዎች
ጉዳዩ፦ ‹‹ብራውዘሩ አይደግፍም›› የሚለውን ምላሽ አለመቀበላችንን ስለማሳወቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ‹‹ያለ ኢንተርኔት ይሠራል›› ተብሎ የተሸጠልን አፕ ሊኑክስ በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ በፋየርፎክስ ሲከፈት ‹‹ብራውዘርዎ ኦፍላይን አይደግፍም፤ ክሮም ይጫኑ›› ከሚል ገጽ አያልፍም። የደንበኞች ድጋፍ ክፍላችሁም ስህተቱ የብራውዘሩ ነው ብሎ መልሶልናል። አይደለም፤ አብዛኛው የእናንተ ኮድ ነው።

ገጽን ያለ ኔትወርክ የሚከፍተው ሰርቪስ ወርከር ፋየርፎክስ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2016፣ በቨርዥን 44 ነው። በሊኑክስም በዊንዶውስም ይሠራል። የእናንተ ገጽ ግን ብራውዘሩ ምን እንደሚችል አይጠይቅም፤ ስሙን ብቻ ያያል። በዩዘር ኤጀንቱ (ብራውዘሩ ራሱን ለገጹ በሚያስተዋውቅበት ጽሑፍ) ውስጥ ‹‹ክሮም›› የሚል ቃል ካጣ ይዘጋል። ራሳችሁ አረጋግጡ፦ በፋየርፎክስ የ‹‹አባውት፡ ኮንፊግ›› (about:config) የማስተካከያ ገጽ ላይ ‹‹ጄነራል.ዩዘርኤጀንት.ኦቨርራይድ›› (general.useragent.override) የሚል የጽሑፍ መስመር ፍጠሩና የክሮምን መለያ አስገቡበት። አፑ ይከፈታል። ‹‹አባውት፡ ሰርቪስወርከርስ›› (about:serviceworkers) ላይ አድራሻችሁ ተመዝግቦ ይታያል። ከዚያ የኔትወርክ ገመዱን ነቅላችሁ ገጹን እንደገና ጫኑት፤ ትምህርቶቹ ይመጣሉ። ‹‹አይደግፍም›› የተባለው ብራውዘር ማለት ይህ ነው።

‹‹ክሮም ይጫኑ›› የሚለው ምክርም ለእነዚህ ማሽኖች አይሆንም። ብዙዎቹ የድሮ ዓይነት፣ ባለ 32 ቢት ናቸው፤ ጎግል ደግሞ ለ32 ቢት ሊኑክስ ክሮም ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ነው። ፋየርፎክስም ቢሆን ለ32 ቢት ሊኑክስ የመጨረሻው መደበኛ ቨርዥን 144 ነው፤ የቀራቸው የ140 የረጅም ጊዜ ድጋፍ ቨርዥን ነው።

ዋናው ጉዳት ግን ገጹ ከተከፈተ በኋላ ነው የሚመጣው። ተማሪው ያለ ኢንተርኔት የሠራው መልስ ኢንዴክስድ ዲቢ (ብራውዘሩ ኮምፒውተሩ ላይ ዳታ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ በትክክል ይቀመጣል። ኢንተርኔት ሲመለስ ግን አይላክም፤ ‹‹በመላክ ላይ›› እንደሚል ይቀራል። ምክንያቱ፦ ኮዳችሁ ባክግራውንድ ሲንክን (ኢንተርኔት ሲመለስ ብራውዘሩ ራሱ ከበስተጀርባ እንዲልክ የሚያደርገውን ችሎታ) መኖሩን ሳይጠይቅ ይጠራዋል። ይህ ችሎታ ያለው በክሮምና በክሮምየም ላይ በተሠሩ ብራውዘሮች እንጂ በፋየርፎክስም በሳፋሪም የለም። የሌለውን ነገር ሲጠራ ስህተት ይፈጠራል፤ ከእሱ በታች ያለው በቀጥታ የሚልከው መስመርም ሳይነካ ይቀራል። ስህተቱ በኮንሶሉ (ብራውዘሩ የኮድ ስህተቶችን በሚያሳይበት መስኮት) ላይ በግልጽ ይነበባል።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ሲንክ መኖሩን መጀመሪያ ጠይቁ። ከሌለ ገጹ በተከፈተ ቁጥር፣ ‹‹ኦንላይን›› የሚለው ኢቨንት (ብራውዘሩ ለገጹ የሚልከው ማሳወቂያ) ሲደርስና ተማሪው ወደ ታቡ ሲመለስ ያልተላኩትን መልሶች ወረፋ ለመላክ ሞክሩ። ‹‹ኦንላይን›› መባሉን ብቻ ግን አትመኑ። ብራውዘሩ የሚያውቀው ከራውተሩ ጋር መገናኘቱን ነው፤ የዳታ ፓኬጅ አልቆም ራውተሩ እንደበራ ነው። ስለዚህ መልሱ ከወረፋው መሰረዝ ያለበት ሰርቨሩ ‹‹ደርሶኛል›› ሲል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መልስ የራሱ መለያ ቁጥር ስጡት፤ አለዚያ መስመሩ መሃል ላይ ሲቋረጥ አንዱ ፈተና ሁለቴ ይመዘገባል።

‹‹ጫን›› የሚለው በተን ደብዝዞ የሚቀረው ክሮምየም ብቻ የሚልከውን ‹‹ቢፎር ኢንስቶል ፕሮምፕት›› የተባለ ኢቨንት (አፑ ሊጫን እንደሚችል የሚነግር ማሳወቂያ) ስለሚጠብቅ ነው። እዚህ ላይ የብራውዘሩን ጉድለት በእናንተ አንጭንም። ፋየርፎክስ ዌብ አፕን ታስክባር ላይ ማስቀመጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በቨርዥን 143 ነው፤ እሱም ለዊንዶውስ ነው። ነገር ግን ኦፍላይን ለመሥራት መጫን ግዴታ አይደለም፤ ቡክማርክ ይበቃል። ኢቨንቱ ካልመጣ በተኑን ደብቁትና በቦታው ይህንኑ ጻፉ።

ፊደሉን በሚመለከት፦ የግዕዝ ፎንቱ የሚመጣው ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው፤ ካሽ ከሚደረጉት (ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሚቀመጡት) ፋይሎች ዝርዝር ውስጥም የለም። የኢትዮጵያ ፎንት ያልተጫነበት ሊኑክስ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጥያቄው በሙሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። የአማርኛ መለማመጃ የሚሸጥ ድርጅት ይህን ሳያይ መቅረቱ ይገርማል። ደግሞ የውጭውን አድራሻ እንዳለ ዝርዝሩ ላይ አትጨምሩት፤ ዝርዝሩን ካሽ ውስጥ የሚያስገባው ‹‹አድ ኦል›› የተባለው ትእዛዝ ከፋይሎቹ አንዱ እንኳ ቢጎድል ሁሉንም ይጥላል፣ ሰርቪስ ወርከሩም አይጫንም። ፎንቱን ወደ ራሳችሁ ሰርቨር አምጡት።

መመሪያችሁ ላይ የጎደሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። አይፓድና አይፎን ላይ ሳፋሪ፣ ወደ ሆም ስክሪን ያልተጨመረን ገጽ ተጠቃሚው ሳይነካው 7 የአጠቃቀም ቀናት ካለፉ፣ ያስቀመጠውን ዳታ ያጠፋል፤ ያልተላከ መልስም አብሮ ይጠፋል። ፋየርፎክስ ደግሞ ‹‹ሲዘጋ ኩኪና የሳይት ዳታ አጥፋ›› ተብሎ ከተስተካከለ ያው ነው፤ የጋራ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። የእኛን ማሽኖች እኛ እናስተካክላለን፤ ሌሎች ደንበኞቻችሁ ግን ከማን ይስሙ?

ስለሆነም የስም ፍተሻው ተነሥቶ በችሎታ ፍተሻ እንዲተካ፣ የመላኪያው ኮድ እንዲታረምና ፎንቱ ካሽ ውስጥ እንዲገባ እንጠይቃለን። ይህ እስኪሠራ በመሸጫ ገጻችሁ ላይ ‹‹ያለ ኢንተርኔት ይሠራል›› ከሚለው ጎን የሚሠራባቸው ብራውዘሮች በስም ይጻፉ፤ አፑ ላልተከፈተባቸው ማሽኖች የከፈልነው ክፍያም ወደ ቀጣዩ ዓመት ይዛወርልን። ምላሹን በጽሑፍ፣ የሚታረምበትን ቀን ጠቅሳችሁ እንድትልኩልን እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር